ቁርስ የበላችው ልጅ

በወይዘሮ ፀሐይቱ የሕፃናት ማቆያ ልጅ አያለቅስም ይባል ነበር። ይህን ያልሰማች እናት ላሊበላ ውስጥ አይገኝም። ጠዋት እየጮኸ፣ የእናቱን ቀሚስ እየጎተተ የገባ ሕፃን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድምፁ አይሰማም። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቶች አንዳንዴ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡና ያማትባሉ። ቤቱን መልአክ ይጠብቀዋል የሚሉ ነበሩ። ምንም ሳይሉ ራሳቸውን የሚነቀንቁም ነበሩ።

ጳጉሜን አንድ ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ኢንስፔክተር የሻረግ የግቢውን የቆርቆሮ በር ገፍታ ገባች። ከአሸተን ተራራ የወረደው ጭጋግ የጎረቤቱን ጣሪያ እንኳ ውጦታል። በረንዳው ላይ አሥራ ሰባት ጥንድ የሕፃን ጫማ፣ አፍንጫው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ በአንድ መስመር ተደርድሯል። የሻረግ ሃያ ሁለት ዓመት ፖሊስ ሆና ስትሠራ ብዙ አይታለች። ይህን ጫማ ግን ቆም ብላ አንድ በአንድ ቆጠረችው።

«እኛንም ጫማ አውልቁ እንዳይሉን» አለ ከኋላዋ የሚከተለው ሳጅን ሸጋው። ሊቀልድ ነበር፤ ድምፁ ግን አላገዘውም።

ክፍሉ ሰፊና ንጹሕ ነው። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አምቡላንሱ በመጀመሪያው ጉዞ የባሰባቸውን አምስት ልጆች ወስዷል። የቀሩት አሥራ አንዱ ፍራሻቸው ላይ በጀርባቸው ተጋድመዋል፤ አፋቸው ገርበብ ብሏል። ሁለት ነርሶች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንበረከኩ ያያሉ። አንደኛዋ የአንዱን ልጅ ጉንጭ ጠበቅ አድርጋ መታ መታ አደረገች። ልጁ ቅንድቡን እንኳ አላነሳም።

ከተኙት መካከል አራት ዓመት የሚሆናት፣ ቢጫ ሹራብ የለበሰች ልጅ ቁጭ ብላለች። አንሶላ እያነሳች እስከ አገጫቸው ታለብሳቸዋለች። ኢንስፔክተሯን ስታይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ቀስ በይ» አለቻት በሹክሹክታ። «ተኝተዋል።»

«ስምሽ ማነው?»

«ፅናት።»

«አንቺስ ለምን አልተኛሽም?»

«እኔማ በልቻለሁ» አለች ልጅቷ፤ ሌላ አንሶላ ልታለብስ ዞረች።

ነገሩን መጀመሪያ ያየችው ሰብሌ ነበረች። ሰብሌ የሆቴል ክፍል አጽጂ ናት። አውሮፕላኑ በጭጋጉ ምክንያት ሳያርፍ ተመልሶ እንግዶቹ ስለቀሩ፣ አለቃዋ ወደ ቤትሽ ሂጂ አላት። የሦስት ዓመት ልጇን ንጋትን ይዛ ወደ ቤት ለመሄድ ማቆያው ስትደርስ አራት ሰዓት ነበር። ሞግዚቷ ይማርሽ በረንዳው ላይ ጫማ ትደረድራለች። ፈገግ ብላ «ዛሬማ ጭጭ ነው ያሉልኝ» አለቻት። ሰብሌ ገብታ ንጋትን ብድግ ስታደርጋት የልጅቷ አንገት ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። ከንፈሯ ጠቁሯል። የሰብሌን ጩኸት ሦስተኛው ቤት ድረስ ሰምተውታል። እዚያው ክፍል ውስጥ ከተኙት ሕፃናት ግን አንድም የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

*

ዶክተር ፍቅርአዲስ ኢንስፔክተሯን ከሆስፒታሉ ኮሪደር ጫፍ ላይ ጠበቀቻት። ሁለቱ በብዙ አስከሬን ምርመራ የተዋወቁ ናቸው፤ አንቺ ይባባላሉ።

«የእርሻ መርዝ አይደለም» አለች ዶክተሯ። «የዓይናቸው ብሌን እንደዚያ አያሳይም። ወይ የከሰል ጢስ ነው፣ ወይ አስተኚ መድኃኒት። አሥራ አምስቱ ይነቃሉ ብዬ አምናለሁ። ንጋት ግን ከሁሉም ትንሿ ናት፤ በእጃችን እያስተነፈስን ነው ያቆየናት።»

«ወደ ደሴ መላክስ?»

«መንገድ ላይ ትቀርብኛለች። ስሚኝ የሻረግ፤ አስተኚው ብዙ ዓይነት ነው፣ ሕክምናውም እንደየዓይነቱ። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይገድላል። በግምት አልወጋትም። ስሙን አምጪልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ግን አትተርፍም።»

ሰብሌ የሆቴሉን ሽርጥ ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የሻረግ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እህቴ፣ ንጋት ዛሬ ምን በላች? ምን ጠጣች? የማይረባ ነገር ቢመስልሽም ንገሪኝ።»

«ምንም! ላሊበላን! ምንም አልቀመሰችም። ለጠበሉ ብዬ በባዶ ሆዷ ነው ያደረስኋት። ቁርሷን እዚያው ነው የምትበላው፤ የሁላችንም ልጆች እንደዚያው ናቸው።»

ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት ሌሎቹ እናቶች ቃሏን አጸኑላት። ወተት አልነኩም። ዳቦ አልነኩም። የሻረግ ደብተሯ ላይ «ምንም አልበሉም፤ ምንም አልጠጡም» ብላ ጻፈችና አሰመረችበት።

*

የማቆያው ወጥ ቤት ከዋናው ቤት ተለይቶ ጓሮ ነው። ምድጃው ላይ የአጃ ገንፎ ከነድስቱ እንደተሞላ ቀዝቅዟል፤ ላዩ ቆዳ አውጥቷል። ሳህኖቹ ታጥበው እንደተደፉ ናቸው። የከሰል ማንደጃው እዚያው አመዱን ታቅፎ ቆሟል።

ይማርሽ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። እጇን በሽርጧ ጠቅልላ ቆማለች።

«ብቻሽን ነበርሽ?» አለቻት የሻረግ።

«ሁልጊዜም ብቻዬን ነኝ።»

«ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ ሦስት ሞግዚት ይላል።»

«ወረቀቱ ላይ ሦስት ነን።»

«ሕፃናቱንም አሥራ ሁለት ይላል። አሥራ ሰባት ቆጠርኩ።»

ይማርሽ ወደ ድስቱ ዞረች።

«በወረቀት ቢሆን እኔም ኮማንደር ነበርኩ» አለ ሸጋው በሩን ተደግፎ። የሻረግ ዞራ ስታየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጆቹን ምን ሰጠሻቸው?»

«ምንም። ገንፎውን ላቀርብ ስገባ ሁሉም ተኝተው አገኘኋቸው። ወተት አልሰጠሁ፣ ኪኒን አልሰጠሁ። ኪኒን የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም፤ ሣጥኑን ክፈቱና እዩ።»

የመድኃኒት ሣጥኑ ተቆልፎ ከልጆች እጅ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ውስጡ ፋሻ፣ ጥጥና አንድ ቴርሞሜትር ብቻ ነበር።

«ከሰሉንስ ወደ ውስጥ አስገብተሽው ነበር? በርዷቸው እንደሆነ ንገሪኝ።»

«በፍጹም! እትዬ ፀሐይቱ ያባርሩኛል።»

«ከሰሉን እንኳ ይተዉት፣ ኢንስፔክተር» አለ ሸጋው። «ያቺ ባለ ሹራቧ ያንኑ አየር ስትተነፍስ ነው ያረፈደችው።»

የሻረግም ያሰበችው ይህንኑ ነበር። «ፅናት የማን ልጅ ናት?»

«የእትዬ ፀሐይቱ የልጅ ልጅ ናት፤ እሳቸው ናቸው የሚያሳድጓት። ትናንት ለቅሶ ብለው ኩልመስክ ሲሄዱ እኔ ጋ አደረች። ቁርስ ሳትበላ ማቆያው እንዳትገባ ብለው ሦስት ጊዜ ነገሩኝ። እንቁላል ጠብሼ አበላኋት።»

«ሌሎቹ በባዶ ሆዳቸው፣ እሷ ብቻ በልታ?»

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነው።»

ወደ በረንዳው ሲወጡ ሸጋው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «በልቶ የተመረዘ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ሳይበላ የተመረዘ ግን ይኸው ዛሬ አየሁ። የበላችው ነቅታ፣ ያልበሉት ተኝተው!»

*

እኩለ ቀን ላይ ፈቃድ ሰጪው ባለሙያ ዘመን እያለከለከ ደረሰ። የማቆያው ፈቃድ ከዘመን መለወጫ በፊት መታደስ ስላለበት፣ ለስምንት ሰዓት የመጨረሻ ጉብኝት ቀጠሮ ይዞ ነበር። ወሬውን ሲሰማ ቀድሞ መጣ። የጉብኝት ቅጹን በሁለት እጁ ይዞ፣ ባዶ በቀረው ክፍል መካከል ቆመ።

«ሁሉም ተሟልቷል እኮ» አለ ጣቱን በቅጹ ላይ እያስኬደ። «መስኮት፣ አለ። የእሳት ማጥፊያ፣ አለ። ከሰል ከመኝታ ክፍል ውጪ፣ አዎን። መድኃኒት በተቆለፈ ሣጥን፣ አዎን። ወላጅ በጽሑፍ ካልፈቀደ ለሕፃን ምግብም መጠጥም መድኃኒትም አይሰጥም፣ አዎን። የሚበሉትና የሚጠጡት በየቀኑ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ያውና።»

«ልጆቹን ቆጥረዋቸው ያውቃሉ?»

ዘመን ቀና አላለም። «ሦስት ጊዜ መጣሁ። ሦስቱንም ጊዜ ተኝተው ነበር። አንሶላ እየገለጥኩ ልቀሰቅሳቸው አልፈለግሁም። ወይዘሮ ፀሐይቱ የነገሩኝን ቁጥር ጻፍኩ።» ትንሽ ቆይቶ፣ «ጸጥታውንማ አመስግኜ ነው የጻፍኩት» አለ።

ሸጋው ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ከውጭ ገባ። «ኢንስፔክተር፣ ኩልመስክ ያሉት ባልደረቦቻችን ጠይቀዋል። ፀሐይቱ የምትባል ለቀስተኛ ያያት የለም። ትናንት ጋሸና ያወረዳት ሾፌር ግን ተገኝቷል። የእጅ ስልኳ ዝግ ነው። ሴትዮዋ ሸሽታለች።»

«የልጅ ልጇን ትታ?» አለች የሻረግ። «ጉብኝቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በፊት ትመለሳለች። መናኸሪያው ላይ ጠብቃት። ማንም ሳያናግራት ጣቢያ አምጣት። ስለ ልጆቹ ትንፍሽ እንዳትል።»

ሸጋው ሲወጣ በሩ ክፍት ቀረ። ግቢው ደጃፍ ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል። ፅናት በረንዳው ላይ ቆማ ታያቸዋለች። ማንንም ትክ ብላ የምታይ ልጅ ናት።

«ከአሥራ ሰባት አንዷ ብቻ?» አለች አንዲት ሴት።

«ዓይኗን አየሽው? እንባ እንኳ የላትም።»

«እኔስ ሳልፍ ከመስኮቱ ስታየኝ ይቀፈኝ ነበር።»

ሕፃን ያዘለች ሴት ነጠላዋን በጀርባዋ ባለው ልጅ ፊት ላይ ሳበች፤ ፅናት እንዳታየው። የሻረግ ወጣችና የልጅቷን እጅ ያዘች። እጇ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ኢንስፔክተሯ ራሷ እንኳ ለአፍታ ልትለቀው ዳድቷት ነበር። አልለቀቀችውም።

«በሉ ወደየቤታችሁ» አለች ሴቶቹን። «የአራት ዓመት ልጅ ነው የምትፈሩት?» ልጅቷን ይዛ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ክፍሉ ውስጥ አሁን ባዶ ፍራሽ ብቻ ነው። የሕፃናቱ ራስ ያረፈበት ትራስ ላይ ጎድጎድ ያለው ምልክት አልጠፋም። ፅናት ትንሽ አሰበችና ትራሶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ግድግዳው ሥር አስቀመጠቻቸው። ከመሬት የጠርሙስ ክዳን አነሳች።

«እኔ ይማርሽ ልሁን» አለች።

«እሺ፣ ሁኚ።»

ልጅቷ ከአንዱ ትራስ ወደ ሌላው ሄደች። በእያንዳንዱ ፊት ትቆምና ታማትባለች፤ ከዚያ ክዳኑን ዘንበል ታደርጋለች። «በስመ አብ። ጠጣ። በስመ አብ። ጠጪ።» ኢንስፔክተሯ ጋ ስትደርስ ቆመች። «አንቺ በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«እንግዲያው አይሰጥሽም። የበላ ሰው አይጠጣም።»

የሻረግ ደብተሯን ገለጠች። «ለጠበሉ ብዬ በባዶ ሆዷ ነው ያደረስኋት» ብላት ነበር ሰብሌ፣ በግልጽ፣ ፊት ለፊት። እሷም ሰምታ፣ ምንም አልጠጡም ብላ ጻፈች። እናቶቹ አልዋሹም። ይማርሽም አልዋሸችም። የሻረግ ራሷ ዛሬ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ አንድ ኩባያ ጠበል ጠጥታ ነበር፤ ምን ቀመስሽ ብትባል ምንም ትል ነበር። ጠበልን ከውሃ የሚቆጥር ማነው?

ቀና አለች። ጥግ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ነጭ ሻሽ የለበሰ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል።

ዘመን ዓይኗን ተከትሎ አየ። «እሱ ጠበል ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

«በቅጽዎ ላይ አለ?»

«ምን ብዬ ልጻፈው? ምግብ አይደለም፣ መጠጥ አይደለም፣ መድኃኒት አይደለም።»

የሻረግ አማተበችና ጀሪካኑን አወረደችው። ወደ መስኮቱ አስጠግታ ዘንበል አደረገችው። ውሃው ሲናጥ ከሥሩ እንደ ዱቄት የነጣ ነገር ተነሥቶ ዞረ፣ ተመልሶም ረጋ። ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ምላሷ ላይ አደረገችው። መረራት።

ይማርሽን አስጠራቻት። «ይህን ማን ያመጣዋል?»

«እትዬ ራሳቸው፣ እሑድ እሑድ ከምንጩ ቀድተው። ሌላ ሰው አያስነኩም። አንድ ልጅ አንድ ሲኒ፣ እንደገቡ። እሱን ከጠጡ ደስ ብሏቸው፣ ገንፏቸውን በልተው ይተኛሉ። ተአምር ነው እኮ።» የኢንስፔክተሯን ፊት አይታ ቆመች። «ምነው?»

«ዛሬስ ስንት ሲኒ ሰጠሻቸው?»

«ዛሬ...» ይማርሽ መሬት መሬት አየች። «ዛሬ ሁለት ሁለት። ጉብኝት አለ፣ ብቻዬን ነኝ፤ አንዱ ቢያለቅስ ሁሉም ይነሣል፣ ቤቱም ይዘጋል ብዬ ፈራሁ። ጠበል ነው እኮ! ጠበል ሲበዛ ይጎዳል?»



የሻረግ ለዶክተሯ ደወለች። «ነጭ ነው፣ ይመራል፣ በውሃ በጥብጠውታል።»

«የሚመር ነጭ ኪኒን ስንት አለ መሰለሽ?» የዶክተሯ ድምፅ ደክሟል። «ናሙናው አዲስ አበባ ደርሶ እስኪመለስ ሳምንት ነው። እኔ ያለኝ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስሙን!»

*

ወይዘሮ ፀሐይቱ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ጣቢያ ሲገቡ ነጠላቸው እንኳ አልተጨማደደም። ሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ደርባባ ሴት ናቸው። ከኋላቸው ሁለት ወጣት ሴቶች ገቡ፤ አንደኛዋ አዲስ ነጭ ጋውኖች የያዘ ፌስታል አንጠልጥላለች። ሸጋው ለየሻረግ ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም አላናገራቸውም ማለቱ ነው። ፅናት በሚቀጥለው ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የሸጋውን ካፖርት ለብሳ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ከረፋዱ ጀምሮ ስትደክም የዋለች ልጅ ናት።

«ለቅሶው እንዴት ነበር?» አለች የሻረግ።

«ያው ነው እንግዲህ። እግዜር ያጽናቸው።»

«እነዚህም ለቀስተኞች ናቸው?»

ጋውኑን የያዘችው ሴት ሳቋ አመለጣት። «ኧረ እኛ የጋሸና ነን፤ ምግብ ቤት ነው የምንሠራው። ለአንድ ቀን ሞግዚት ሁኑልኝ ብለውን ነው።»

ወይዘሮ ፀሐይቱ አንገታቸውን ደፉ፤ ድንጋጤ ግን አልታየባቸውም። ቀላል የሆነ ኃጢአት እንደተገኘበት ሰው ተነፈሱ። «ጥፋቴ ይኸው ነው፣ ልጄ። ሦስት ሞግዚት ቅጠሪ ይሉኛል፤ ከየት አመጣለሁ? የሚቀጡኝን ይቅጡኝ።»

የሻረግ ሁለቱን ሴቶች አስወጣችና በሩን ዘጋች። «ወይዘሮ ፀሐይቱ፣ ልጆቹ ሆስፒታል ገብተዋል።»

«የትኞቹ?»

«እንቅልፍ ወስዷቸው አልነቃ ብለዋል። አንዷ ትንፋሿ ሊቆም ነው። ሐኪሟ ምን እንደጠጡ ማወቅ አለባት። አሁን።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው የተስተካከለ ነበር። «ከሰል ነው። ያቺ ደንቆሮ ከሰል አስገብታ ይሆናል። አንድ ቀን እንደምትጨርሳቸው አውቅ ነበር።»

«ለሐኪሟ ከሰል ነው ልበላት? በከሰሉ መንገድ ታክማቸዋለች።»

«በያት።»

የሻረግ ዓይን ዓይናቸውን አየች። እነዚያ ዓይኖች አልሸሹም። በዚያች ቅጽበት ክፍሉ ውስጥ የነበረው ጸጥታ ጠዋት ማቆያው ውስጥ የሰማችው ጸጥታ ነበር።

«መልካም» አለች፤ ስልኳን አነሳች። «ፅናትም እዚያው ነበረች።»

«ፅናት?» ወይዘሮ ፀሐይቱ ቀና አሉ። «ፅናት ምን ሆነች?»

«አሁን ተኝታለች።»

«እሷ... እሷማ በልታ ነው የምትገባው!»

«ዛሬ ጠዋት እርስዎ ቤት አልነበሩም።»

ሴትዮዋ ተነሡ። ወንበሩ ከኋላቸው ወደቀ። «ስንት ሲኒ?»

«ምን ስንት ሲኒ?»

«ስንት ሲኒ አጠጣቻት?!»

«ይማርሽ ዛሬ ለልጆቹ ሁለት ሁለት ሲኒ ነው የሰጠችው።»

«ወየው! ወየው ልጄን!» ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ፌኖባርብ ነው! የባሌ፣ የሟቹ፤ የሚጥል በሽታ ኪኒን ነው! ለጀሪካኑ አርባ ፍሬ ፈጭቼ ነው! ምን ቁጭ ትያለሽ፣ ደውይላት እንጂ! ደውይ!»

የሻረግ እየደወለች ነበር። ስሙን ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ ቁጥሩን ተናገረች። ከስልኩ ማዶ ዶክተሯ ሳትሰናበት ለነርሶቹ ትእዛዝ መስጠት ጀመረች። ሰዓቱ ስምንት ከአሥር ነበር።

በጩኸቱ የነቃችው ፅናት በሩን ከፍታ ቆመች። ካፖርቱ እስከ መሬት ይጎተታል። «እማማ፣ መጣሽ?» አለች።

ወይዘሮ ፀሐይቱ ልጅቷን አዩ። ከዚያ ኢንስፔክተሯን አዩ። ቀስ ብለው፣ ወንበሩ የሌለ መሆኑን ረስተው፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አታለልሽኝ።»

«አንዲት የውሸት ቃል አልተናገርኩም» አለች የሻረግ። «የሌላ ሰው ልጅ ልትሞት ነው ስልዎ ከሰል ነው አሉኝ።»

«ልገድላቸው እኮ አልነበረም። ትንሽ ዝም እንዲሉ ነው። ስንት ዓመት ሠራሁበት፣ አንድ ልጅ ምን ሆነ? እናቶቹ ማታ ሲመጡ እጄን ይስሙ ነበር። ጠይቂያቸው፤ እጄን ይስሙ ነበር።»

ሸጋው ፅናትን አቅፎ አወጣት። በረንዳው ላይ ይማርሽ ቃሏን ሰጥታ ጨርሳ ቆማለች። በክፍት መስኮቱ ሁሉን ሰምታ ነበር። የሻረግ ስታልፍ መንገዷን ዘጋችባት።

«ሁለተኛውን ሲኒ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ንጋት ብትሞትስ? በማን ይጻፋል?»

«ሕጉ ኪኒን እንዳለበት በሚያውቀው ሰው ይጽፈዋል።»

«ሕጉን አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ኢንስፔክተሯ ክንዷን ይዛ «ነይ፣ አብረን እንሂድ» አለቻትና ወደ መኪናው ወሰደቻት።

*

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭጋጉ ተነሣ፤ የሆስፒታሉ መስኮት ድንገት በብርሃን ተሞላ። አሥራ አምስቱ ልጆች አንድ በአንድ ነቅተው ወላጆቻቸው ጉልበት ላይ ይነጫነጫሉ። ንጋት ግን ዓይኗን የገለጠችው ከሁሉም በኋላ ነው። ጣሪያውን አየች፣ እናቷን አየች፤ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።

«ውሃ ነው የምትለው» አለች ዶክተር ፍቅርአዲስ። ቀኑን ሙሉ ስታስተነፍስበት የዋለችውን እጇን ታሻሻለች። «በራሷ መዋጥ ትችላለች፤ ትንሽ በትንሽ ስጧት።»

ይማርሽ ከበሩ ውጪ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፤ ግቢ ያላት የለም፤ ሂጂ ያላትም የለም። የሻረግ በሩ ላይ ቆማ አየች።

ነርሷ በኩባያ ውሃ አምጥታ ለሰብሌ ሰጠቻት። ሰብሌ ተቀብላ ወደ ልጇ አፍ አስጠጋችው፤ ከንፈሯ ጋ ሲደርስ እጇ ቆመ።

«ንጹሕ ነው፣ እህቴ» አለች ነርሷ። «አሁን ነው የቀዳሁት።»

ሰብሌ ኩባያውን አሸተተችው። ወደ ብርሃኑ አዘንብላ ሥሩን አየች። ከዚያ ራሷ ተጎነጨች፤ አንዴ፣ ደግሞም አንዴ፤ ኩባያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጠበቀች። ንጋት በደረቀ ከንፈሯ እጇን ወደ ኩባያው ዘረጋች፤ ሰብሌ ግን ትንሿን እጅ ይዛ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያየች፣ ራሷን እንቅልፍ ይወስዳት እንደሆነ መጠበቋን ቀጠለች።